ጥያቄ አለኝ፦ ካፖርት የደረበው ባክቴሪያ

ባለፈው እትም አንድ አንባቢ በአክታ ምርመራ ውጤቱ ላይ «ግራም ኔጌቲቭ» የሚል ቃል አይቶ «ኔጌቲቭ ከሆነ በሽታ የለብኝም ማለት ነው?» ሲል ጠይቆኝ ነበር። «የለም፣ ኔጌቲቭ የተባለው ባክቴሪያው እንጂ ምርመራው አይደለም» ብዬ በሁለት መስመር አለፍኩት። እንደዚያ ማለፌ ስሕተት ነበር። ከዚያ ወዲህ የደረሱኝ ደብዳቤዎች አብዛኞቹ በዚያች ቃል ዙሪያ የሚሽከረከሩ ናቸው። ሠላሳ አንድ ዓመት አክታ ሲመረምር ለኖረ ሰው ከዚህ የሚጣፍጥ ጥያቄ የለም። (ጣዕምንና አክታን በአንድ ዓረፍተ ነገር ማንሣቴን ይቅር በሉኝ።) ስለዚህ የዚህን እትም ዓምድ ሙሉ በሙሉ ሰጥቻቸዋለሁ።

«አባቴ በሳንባ ምች ሆስፒታል ተኝተዋል። ሐኪሙ ‹ባክቴሪያው ግራም ኔጌቲቭ ስለሆነ መድኃኒቱን ቀይረናል› አሉን። ግራም ምንድን ነው? ክብደት ነው? መድኃኒትስ ለምን ያስቀይራል?»
*ልጃቸው*

ግራም ሰው ነው። ሃንስ ክርስቲያን ግራም የሚባል ዴንማርካዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1884 በርሊን ውስጥ ከካርል ፍሪድሌንደር ጋር ይሠራ ነበር። በሳንባ ምች ከሞቱ ሰዎች በተወሰደ የሳንባ ሥጋ ላይ ባክቴሪያዎቹን ከሰውነት ሕዋሳት ለይቶ ማየት ቸግሮታል። ወይን ጠጅ ቀለም ቀባ፣ አዮዲን ጨመረበት፣ ከዚያ በአልኮል አጠበው። አንዳንዶቹ ባክቴሪያዎች ቀለሙን አንለቅም አሉ፤ ሌሎቹ ለቀውት ከዓይን ጠፉ። ግራም በዚህ ብዙም አልኮራም፤ ዘዴው ገና ጎዶሎ እንደሆነ ራሱ ጽፏል። የለቀቁት እንዲታዩ ሮዝ ቀለም መጨመር የመጣው ከእርሱ በኋላ ነው። ዘዴው እንግዲህ ከሳንባ ምች የተወለደ ነው ማለት ነው።

ቀለሙን አንለቅም ያሉት ግራም ፖዘቲቭ፣ የለቀቁት ግራም ኔጌቲቭ ይባላሉ። ቀለሙን የሚለቁት ባክቴሪያዎች ግድግዳቸው ቀጭን ነው። ከግድግዳው ውጭ ግን ሌላ የስብ ሽፋን ደርበዋል። አልኮሉ ያንን ስብ ሲያሟሟው ከሥሩ ያለው ስስ ግድግዳ ቀለሙን ይዞ ማቆየት ያቅተዋል። በማይክሮስኮፕ ሮዝ ሆኖ የሚታየን ባክቴሪያ ሁሉ በአብዛኛው ይህን ድርብ ልብስ የለበሰ ነው። «በአብዛኛው» ማለቴ ያለ ምክንያት አይደለም። በሥራዬ ሁለተኛ ዓመት ላይ አንድ ቀን ስልክ እያወራሁ አልኮሉን ስላይዱ ላይ ረሳሁት። ወይን ጠጅ ሆነው ጥንድ ጥንድ መታየት የነበረባቸው ኒሞኮከሶች (የሳንባ ምች የሚያመጡ ግራም ፖዘቲቭ ባክቴሪያዎች) ሮዝ ሆነው ወጡ፤ እኔም «ግራም ኔጌቲቭ» ብዬ ጽፌ ላክሁ። የክፍሉ ኃላፊ ስላይዱን አንሥተው ለረጅም ጊዜ ተመለከቱና «ፈጣሪያቸው ወይን ጠጅ አድርጎ ነበር የላካቸው፤ ሮዝ ያደረግሃቸው አንተ ነህ» አሉኝ። ወዲያው ለሐኪሙ ተደውሎ ውጤቱ ታረመ። ከዚያ ቀን ወዲህ አልኮል በእጄ ይዤ ስልክ አንሥቼ አላውቅም።

አሁን ወደ አባትዎ መድኃኒት ልምጣ። ይህ ውጫዊ ሽፋን ውፍረቱ ከአንድ ሚሊሜትር መቶ ሺህኛ ያንሳል፤ ነገር ግን አሠራሩ የተለመደ አይደለም። የውስጥ ገጹ በየትኛውም ሕያው ሕዋስ ላይ ከምናገኘው ተራ ስብ፣ ከፎስፎሊፒድ የተሠራ ነው። የውጭ ገጹ ግን ሊፖፖሊሳካራይድ በሚባል ከስብና ከስኳር በተጋመደ ነገር ጥቅጥቅ ብሎ የተሞላ ነው፤ ለማሳጠር ኤልፒኤስ እንበለው። የኤልፒኤስ ሞለኪዩሎች እርስ በርሳቸው እንዳይገፋፉ ማግኒዚየምና ካልሲየም በመካከላቸው እየገቡ እንደ መርፌና ክር ይሰፏቸዋል። በዚህ ስፌት ውስጥ ስብ የሚወድ መድኃኒትም ውኃ የሚወድ መድኃኒትም በቀላሉ ሾልኮ አያልፍም።

ባክቴሪያው ግን መብላት አለበት። ስለዚህ በሽፋኑ ላይ ፖሪን የሚባሉ የፕሮቲን ቀዳዳዎችን ከፍቷል። በብዙዎቹ ባክቴሪያዎች በእነዚህ ቀዳዳዎች ማለፍ የሚችለው ክብደቱ እስከ 600 ዳልተን (የሞለኪዩል ክብደት መለኪያ ነው) ገደማ የሆነ ሞለኪዩል ነው። ቫንኮማይሲን የሚባለው ኃይለኛ መድኃኒት 1,450 ዳልተን ገደማ ይመዝናል። ግራም ፖዘቲቭ ባክቴሪያዎችን ይፈጃል፤ ግራም ኔጌቲቩ ዘንድ ግን በር ላይ ቆሞ ይቀራል። ዒላማው ከውስጥ እያለ፣ መድኃኒቱም በደም ውስጥ ሞልቶ እያለ፣ ሁለቱ አይገናኙም። ሐኪሙ የቀየሩት በበሩ የሚያልፍ መድኃኒት ፍለጋ ነው፤ የመጀመሪያው መድኃኒት ደካማ ነበር ማለት አይደለም።

በነገራችን ላይ አሌክሳንደር ፍሌሚንግ እ.ኤ.አ. በ1929 ስለ ፔኒሲሊን ባሳተመው የመጀመሪያ ጽሑፍ ግራም ኔጌቲቮች ለመድኃኒት ያላቸውን ይህንን ንቀት ለሥራው ተጠቅሞበታል። ከጉሮሮ የተወሰደው ናሙና ላይ ፔኒሲሊን ሲጨምር ሌሎቹ ባክቴሪያዎች ይሞታሉ፤ «የኢንፍሉዌንዛ ባሲለስ» ይባል የነበረው ግራም ኔጌቲቭ ብቻውን በሰላም ያድጋል። ፍሌሚንግ ያን ጊዜ ፔኒሲሊንን እንደ አረም መንቀያ ነበር ያቀረበው።

«የባዮሎጂ ተማሪ ነኝ። መጽሐፋችን ‹ውጫዊው ሽፋን ባክቴሪያውን ይከላከልለታል› ብሎ ያልፋል። ጋሼ፣ ሳንባ ውስጥ በትክክል ከምን ነው የሚከላከልለት?»

«በትክክል» የምትለዋን ቃል ወድጄልሻለሁ። ሳንባ ባዶ ፊኛ አይደለም። የአየር ከረጢቶቹ ተጣብቀው እንዳይቀሩ የሚቀባቸው ፈሳሽ በውስጡ ዘበኞች አሉት። ከእነዚህ መካከል ኤስፒ-ኤ እና ኤስፒ-ዲ የሚባሉት ፕሮቲኖች ኤልፒኤስን ፈልገው ይጨብጣሉ። ከዚያ ባክቴሪያዎቹን አንድ ላይ አጣብቀው ለነጭ የደም ሕዋሳት ያቀርቧቸዋል፤ አንዳንዴም ሽፋኑን ራሱን ይበሱታል። ሳንባው ሲቆጣና ከደም ሥር ፈሳሽ ሲያፈስ ደግሞ ኮምፕሊመንት የሚባለው የፕሮቲኖች ቡድን አብሮ ይደርሳል። የዚህ ቡድን የመጨረሻ ሥራ በሽፋኑ ላይ ክብ ቀዳዳ መሰርሰር ነው።

አሁን ኤልፒኤስን ቁመቱን ተከትለሽ እዪው። ከሥር ሊፒድ ኤ የሚባለው ስብ አለ፤ ሽፋኑ ውስጥ የተተከለው እርሱ ነው። በላዩ አጭር የስኳር አንጓ አለ። ከአንጓው በላይ በአንዳንዶቹ ባክቴሪያዎች ኦ-አንቲጂን የሚባል ረጅም የስኳር ሰንሰለት ይንዘረፈፋል። ሰንሰለቱ ረጅም ከሆነ የኮምፕሊመንት ፕሮቲኖች መሰርሰሪያቸውን የሚገጣጥሙት ከሽፋኑ ርቀው፣ በሰንሰለቱ ጫፍ ላይ ነው። መሰርሰሪያው አየር ላይ ይዞራል፤ ሽፋኑን አይነካም። አጭር ሰንሰለት ያለው ወይም ጭራሹን የሌለው ባክቴሪያ ግን እዚያው ይበሳል።

እንግዲያው ኦ-አንቲጂን የሌለው ሁሉ ሳንባ ውስጥ ይሞታል ብለሽ እንዳትደመድሚ። ሂሞፊለስ ኢንፍሉዌንዛ፣ ያ የፍሌሚንግ ባክቴሪያ፣ ኦ-አንቲጂን የለውም። እርሱ በአጭሩ ስኳር ላይ ፎስፎሪልኮሊን የሚባል ነገር ይለጥፋል። ይህ ነገር በእኛው ሕዋሳት ሽፋን ላይም አለ። የቤተ ሰብ መታወቂያ እንደ ማንጠልጠል ነው። መታወቂያው ግን ዋጋ አለው፤ በደም ውስጥ ሲአርፒ የሚባለው ፕሮቲን የሚይዘው ልክ ያንን ነው። ስለዚህ ባክቴሪያው እንደ ቦታው ሲለጥፈው ሲነቅለው ይኖራል።

ክሌብሲየላ የሚባለው ሌላው ግራም ኔጌቲቭ ደግሞ በሽፋኑ ላይ ሌላ ወፍራም የስኳር ካፕሱል ይጨምራል። አንዳንዱን ዝርያ በላቦራቶሪ ሳህን ላይ አድጎ ሲያገኙት በሽቦ ጫፍ ነክተው ቀስ ብለው ወደ ላይ ይስቡታል። ከ5 ሚሊሜትር በላይ ሳይበጠስ ከተሳበ ወዲያው ወደ ሐኪሙ መደወል ልማዴ ነበር። እንደዚያ የሚለጠጠው ዝርያ ጤናማ የነበረን ሰው እንኳ አጣድፎ ሊጥል ይችላል።

«ነርስ ነኝ። አንዳንድ ሕመምተኞች አንቲባዮቲክ በጀመሩ ሰዓታት ውስጥ ትኩሳታቸው ይብሳል። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ‹ባክቴሪያው ሲሞት መርዙን ይተፋል› ይላል። እውነት ነው?»

ባልደረባዎ ግማሹን ይዞታል። «ይተፋል» የሚለው ላይ ብቻ አልስማማም። ሪቻርድ ፋይፈር እ.ኤ.አ. በ1892 በሮበርት ኮክ ተቋም ሲሠራ የኮሌራ ባክቴሪያዎችን ገድሎ ለሙከራ እንስሳት ሰጣቸው፤ እንስሳቱ የሞተውን ባክቴሪያ ወስደው ታመሙ። መርዙ የሚመነጭ ሳይሆን የባክቴሪያው አካል ክፍል እንደሆነ የገባው ያን ጊዜ ነው፤ ኢንዶቶክሲን አለው፤ «ውስጠ መርዝ» እንደ ማለት። ዛሬ ያ ነገር ኤልፒኤስ፣ በተለይም ሊፒድ ኤ እንደሆነ እናውቃለን። (ይኸው ፋይፈር በዚያው ዓመት «የኢንፍሉዌንዛ ባሲለስ» ያለውን ባክቴሪያ የጉንፋኑ ወረርሽኝ መንሥኤ ነው ብሎ ተሳስቷል። በአንድ ዓመት ውስጥ እንዲህ ያለ ትክክልና እንዲህ ያለ ስሕተት አብረው መገኘታቸው ሁልጊዜ ያጽናናኛል።)

የሚገርመው ሊፒድ ኤ በራሱ ምንም የሚያቃጥል ነገር አለመሆኑ ነው። ጉዳቱን የሚያደርሰው የእኛ ሰውነት ነው። በሕዋሳቶቻችን ላይ ቲኤልአር-4 የሚባል መቀበያ አለ፤ ሊፒድ ኤን ሲያገኝ የአደጋ ደወል ይደውላል። ይህንን መቀበያ ብሩስ ቦይትለር እ.ኤ.አ. በ1998 ያገኘው ኤልፒኤስ ምንም የማያደርጋቸው አይጦችን ሲመረምር ነው፤ በዚህም በ2011 የኖቤል ሽልማት ተካፍሏል። አይጦቹ መርዙ አይነካቸውም፤ ይሁን እንጂ ሕያው ግራም ኔጌቲቭ ባክቴሪያ ሲገባባቸው በቀላሉ ይሞታሉ፤ ደወሉ የለማ። እኛ ደግሞ ደወላችን ከልክ በላይ ንቁ ነው። በበጎ ፈቃደኞች ላይ በሚደረግ ጥናት ለአንድ ሰው በኪሎ ክብደቱ 2 እስከ 4 ናኖግራም ብቻ በደም ሥሩ ሲሰጠው ይንቀጠቀጣል፤ ያተኩሰዋል። ናኖግራም የግራም ቢሊዮንኛ ነው። (ይህ ግራም ክብደቱ ነው፤ ዴንማርካዊው አይደለም።)

ባክቴሪያው በመድኃኒት ሲፈራርስ የሽፋኑ ቁርጥራጭ በእርግጥ ይበተናል። በሕይወት እያለም ቢሆን ከሽፋኑ ላይ ትናንሽ እንክብሎችን እየቆነጠረ ይለቃል። እነዚህ እንክብሎች ኤልፒኤስ ብቻ አይደለም የሚሸከሙት፤ ፔኒሲሊን ነክ መድኃኒቶችን የሚቆራርጥ ኤንዛይም ይዘው ወጥተው በአካባቢው ያሉትን ባክቴሪያዎች ሁሉ ሊጠቅሙ ይችላሉ። ለእርስዎ ሥራ ግን ዋናው ይህ ነው፦ ትኩሳት የሚጨምርበት ምክንያት ብዙ ነው፤ መድኃኒቱ አለመሥራቱም አንዱ ነው። «መርዙን እየተፋ ነው» ብሎ መጠበቅ አያዋጣም፤ የትንፋሹን ፍጥነትና የደም ግፊቱን ይዘው ለሐኪሙ ይንገሩ። መድኃኒቱንም በዚህ ምክንያት ማንም አያቋርጥ።

«የቲቢ ባክቴሪያ ግራም ፖዘቲቭ ነው ወይስ ኔጌቲቭ?»

በወጉ ሁለቱንም አይደለም፤ የግራም ቀለም አይገባውም። እርሱም ከግድግዳው ውጭ ሽፋን አለው፤ ያ ግን ማይኮሊክ አሲድ ከሚባል ረጅም ስብ የተሠራ ሰም መሳይ ነገር ስለሆነ ሌላ ቀለምና ሌላ ዓምድ ይፈልጋል።

«ብሮንኪየክታሲስ አለብኝ ከተባልኩ ብዙ ዓመቴ ነው። አክታዬ ላይ ሁልጊዜ ሱዶሞናስ ይገኛል። መድኃኒት ስወስድ ይሻለኛል፤ ከወራት በኋላ ይመለሳል። አንድ አይነት ባክቴሪያ ነው ወይስ እየተለዋወጠ ነው የሚመጣብኝ?»

ከሁሉም ደብዳቤዎች ያሳደረኝ ይኸኛው ነው፤ መልሱ «ሁለቱም» ስለሆነ።

ሱዶሞናስን በደንብ አውቀዋለሁ። ሳህኑን ስትከፍት አረንጓዴ ቀለሙን ሳታይ በፊት የወይን ፍሬ የመሰለ ሽታው ይቀበልሃል። በአፈርና በውኃ ውስጥ የሚኖር፣ ሲፈጠር ጀምሮ በሩ የጠበበ ባክቴሪያ ነው። ሽፋኑ አንጀት ውስጥ ከሚኖረው ኢ. ኮላይ ሽፋን ጋር ሲነጻጸር ከአሥር እጥፍ በላይ የማያስገባ ነው። ጥቂት የገባውን መድኃኒት ደግሞ የውጭውንም የውስጡንም ሽፋን አቋርጦ በሚያልፍ ፓምፕ መልሶ ወደ ውጭ ያፈስሰዋል። ጠባብ በርና ፓምፕ አብረው ሲሠሩ ነው ያን ያህል የሚከብደው፤ አንዱ ብቻውን ቢሆን ብዙ መድኃኒት በረታበት።

ይህ ባክቴሪያ እርስዎን በመሰለ፣ የአየር ቧንቧው ሰፍቶ ንፍጥ የሚያቁር ሳንባ ውስጥ ሲገባ መጀመሪያ የሚመጣው የሜዳ ልብሱን ለብሶ ነው፦ ረጅም ኦ-አንቲጂን፣ የሚዋኝበት ጅራፍ። ለዓመታት ሲቀመጥ ግን ልብሱን ይለውጣል። ይህ በተለይ ሲስቲክ ፋይብሮሲስ (ንፍጥን የሚያወፍር በዘር የሚተላለፍ በሽታ) ባለባቸው ሰዎች ሳንባ ውስጥ በሚገባ ተጠንቷል። ጅራፉን ይጥላል፤ ኦ-አንቲጂኑን ይጥላል። አልጂኔት የሚባል ዝልግልግ ነገር እያመረተ በዚያ ውስጥ ይቀበራል፤ ሳህን ላይ ሲያድግ የሚንጠባጠብ ይመስላል። ሊፒድ ኤውን ሳይቀር ያሻሽላል፤ የስብ ጭራዎቹን ቁጥር ይለውጣል፣ ፖሊሚክሲን ነክ መድኃኒቶች (ሽፋኑን የሚተረትሩት) የሚጣበቁበትንም ቦታ ይሸፍናል።

«ኦ-አንቲጂን ከጠቀመው ለምን ይጥለዋል?» ይበሉኝ፤ እኔም ይህንን ጥያቄ ለረጅም ጊዜ ተሸክሜዋለሁ። ረጅሙ ሰንሰለት የሚጠቅመው ወደ ደም ለሚገባ ባክቴሪያ ነው። ኮምፕሊመንት የሚበዛው እዚያ ነው። በንፍጥና በአልጂኔት ውስጥ ተቀብሮ ለሚኖር ግን ሰንሰለቱ ጌጥ ብቻ ነው፤ እንዲያውም ሰውነት ፀረ እንግዳ አካል የሚያዘጋጅበት ምልክት ይሆንበታል። ስለዚህ የእርስዎ ሱዶሞናስ ከአጣዳፊነት ወደ ነዋሪነት የተሸጋገረ ሊሆን ይችላል። ወደ ደም የመግባት አቅሙ ይቀንሳል፤ ከቦታው ለማስለቀቅ ግን ይከብዳል። የሚመለስብዎ ብዙ ጊዜ ያው የድሮው ዘር ነው፤ ልጆቹ ግን ልብስ ለውጠዋል።

አንድ ምሳሌ ልጨምር። ኦፕርዲ የሚባል በር አለ፤ ባክቴሪያው አሚኖ አሲድ የሚያስገባበት ነው። ኢሚፔነም የሚባለው መድኃኒት ይህንን በር ተጠቅሞ ይገባል። በሕክምናው መካከል አንዳንድ ባክቴሪያዎች በሩን ጭራሹን መሥራት ያቆማሉ። በዚያ በር የሚገባው ምግብ ይጎድልባቸዋል፤ መድኃኒቱም አይደርስባቸውም። ባለፈው ዓመት የሠራልዎ መድኃኒት ዘንድሮ እንዳይሠራ ሊያደርግ ከሚችለው ነገር አንዱ ይህ ነው። ሐኪምዎ በየጊዜው አዲስ የአክታ ምርመራ ሲያዝልዎ «ያው ሱዶሞናስ ነው፣ ምን ያደርግልኛል» አይበሉ፤ ስሙ ያው ነው፣ በሮቹ ግን ያው አይደሉም።

«ሽፋኑ ስብ ከሆነ በሳሙና አይፈርስም? ሳሙና መሳይ መድኃኒት ለምን አይሠሩም?»

ተሠርቷል። ኮሊስቲን ይባላል፤ ከፖሊሚክሲኖች አንዱ ነው፤ በ1940ዎቹ ጃፓን ውስጥ ከአፈር ባክቴሪያ የተገኘ ነው። የነገርኳችሁን ማግኒዚየምና ካልሲየም ከስፌታቸው ገፍቶ ያወጣቸዋል፤ ሽፋኑም ይተረተራል። ኩላሊትን ስለሚጎዳ ለዓመታት ወደ ጎን ተትቶ ነበር። ሌሎች መድኃኒቶች ሲከሽፉ ግን ከመጋዘን እንደ ወጣ አሮጌ ጠመንጃ ተመልሶ መጣ። ባክቴሪያዎቹም አልተኙም። እ.ኤ.አ. በ2015 ኤምሲአር-1 የሚባል፣ ሊፒድ ኤ ላይ መከላከያ የሚለጥፍ ጂን ከባክቴሪያ ወደ ባክቴሪያ ሲዘዋወር ቻይና ውስጥ ተገኘ። በመተንፈሻ መሣሪያ ላይ ያሉ ሕመምተኞችን የሚያጠቃው አሲኒቶባክተር ደግሞ ከዚህም የባሰ አደረገ፦ አንዳንዱ ዝርያ ኤልፒኤስን መሥራት ጭራሹን ተወ። ኮሊስቲን የሚይዘው አጣ። ይሁንና እንዲህ ራቁቱን የቀረው ባክቴሪያ ያ በር ላይ የቀረው ቫንኮማይሲን እንኳ ሊያጠቃው ቻለ። ይህንን ሳነብ ብቻዬን ሳቅሁ።

አዳዲሶቹ መድኃኒቶች ሽፋኑን ከመስበር ይልቅ ያታልሉታል። ሴፊዴሮኮል ብረት አንጠልጥሎ ይቀርባል፤ ሰውነታችን ብረቱን ስለሚደብቅበት ባክቴሪያው ብረት ይርበዋል፣ በገዛ እጁ ጎትቶ ያስገባዋል። አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ2019 ነው። ዞሱራባልፒን የሚባለው፣ ገና በሙከራ ላይ ሳለ በ2024 መጀመሪያ የተነገረለት፣ ኤልፒኤስ ከውስጥ ተሠርቶ ወደ ውጭ የሚጓዝበትን ድልድይ በአሲኒቶባክተር ውስጥ ይዘጋል። ካፖርቱ ተሰፍቶ ሳይለበስ ውስጥ ይከማቻል።

ጠያቂው የእጅ ሳሙናን በተመለከተ ከሆነ ግን፣ እጅዎን ይታጠቡ፤ አይጠጡት።

«ሁለት ጊዜ አክታ ሰጥቼ ሁለት ጊዜ ‹ናሙናው አይሆንም› ብለው መለሱብኝ። ያንገላቱኛል ወይስ ምክንያት አላቸው?»

ምራቅ ሰጥተዋቸዋል። አይቀየሙኝ፤ እኔም ስንቱን መልሻለሁ። በማይክሮስኮፕ ስናይ የጉንጭ ሕዋስ በብዛት ካገኘን ናሙናው ከአፍ እንጂ ከሳንባ እንዳልመጣ እናውቃለን። የአፍ ባክቴሪያ ደግሞ ሮዙም ወይን ጠጁም ሞልቷል፤ ብናሳድገው ለሐኪምዎ የሐሰት ስም ነው የምንልከው። ጠዋት ሲነሡ፣ ከቁርስ በፊት፣ አፍዎን በንጹሕ ውኃ ብቻ ተጉመጥመጡ፤ በአፍ ማጠቢያ መድኃኒት አይደለም። ሁለት ሦስት ጊዜ በረጅሙ ተንፍሱና ከደረት ከሥር ጎትተው ሳሉ። ወፈር ያለው ሲመጣ በቀጥታ ዕቃው ውስጥ ይትፉና ክዳኑን አጥብቀው ሳይውል ሳያድር ያድርሱ። የሚቻል ከሆነ ይህ ሁሉ አንቲባዮቲክ ከመጀመርዎ በፊት ይሁን። አንዴ ከጀመሩ ግን ናሙናውን ሲያስረክቡ የመድኃኒቱን ስምና የጀመሩበትን ቀን በወረቀቱ ላይ ይጻፉልን።